ሁለቱ ትሩዎች፦ የሙዚቃ መሣሪያዎች ሲያያዙ የሚዲ ምልክት እንዴት ያልፋል?

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ጎንደር ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ኪቦርድ የለም። ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ በአዳራሹም በዳሱም ሠርግ ነው። በአንድ ኪቦርድ ብቻ ሌሊቱን መግፋት እየቀረ የመጣ ይመስላል፤ አሁን በአንድ ተጫዋች ፊት ሁለት ኪቦርድ ተደራርቦ፣ ከጎኑ የድምፅ ሞጁል ወይም ድራም ማሽን፣ ከበስተጀርባው ደግሞ ላፕቶፕ ማየት ብርቅ አይደለም። እነዚህን ሁሉ የሚያነጋግራቸው ባለአምስት እግሩ የሚዲ ኬብል ነው፤ ሚዲ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች መልእክት የሚለዋወጡበት የጋራ ደንብ ነው።

በመሣሪያዎቹ ጀርባ ብዙውን ጊዜ ሦስት መሰኪያዎች አሉ፦ ኢን፣ አውት እና ትሩ። ኢን ተቀባይ፣ አውት ላኪ መሆኑን የማያውቅ ተጫዋች የለም። ክርክሩ የሚነሣው በሦስተኛው፣ በኢን የገባውን ወደ ቀጣዩ መሣሪያ በሚያሳልፈው በትሩ ላይ ነው። አንዱ «ትሩ ያዘገያል» ይላል፤ ሌላው «ኖታ ይበላል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ድምፁን ይደርብብኛል» ብሎ ያማርራል። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ዓይነት ትሩ አይደለም። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው በኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ብቻ የሚሠራ ሃርድዌር ትሩ ነው። ሌላው በመሣሪያው ውስጥ ያለ ፕሮግራም የሚሠራው ሶፍትዌር ትሩ ነው። ጥቅማቸውም ሆነ ችግራቸው አይገናኝም፤ የቱን እንደያዙ ሳያውቁ ብልሽት መፈለግ ሌሊቱን በከንቱ መጨረስ ነው።

በኬብሉ ውስጥ የሚሄደው

ድምፅ አይደለም። አንድ ቁልፍ ሲነካ «በ1ኛው ቻናል 60ኛው ኖታ በ100 ኃይል ተመታ» የሚል አጭር የቁጥር መልእክት ይላካል። መልእክቱ ሦስት ባይት ነው። ቁልፉ ሲለቀቅ ሌላ መልእክት ይከተላል። ደንቡ የጸደቀው በ1983 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ወር ውስጥ አሜሪካ በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርኢት ላይ የሁለት ተፎካካሪ ፋብሪካዎች ሥራዎች፣ ፕሮፌት 600 እና የሮላንድ ጁፒተር 6፣ በአንድ ኬብል ተያይዘው ታይተዋል። ተፎካካሪዎች ተስማምተው አንድ መሰኪያ መጠቀማቸው ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

የባለአምስት እግሩ ኬብል ፍጥነት ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልተለወጠም፦ በሰከንድ 31,250 ቢት፤ ቢት ማለት ዜሮ ወይም አንድ የሆነች የመልእክት ቅንጣት ናት። አንድ ባይት ከመነሻና ከመዝጊያ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚሆን ለመሄድ 320 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። ሦስት ባይት የሆነች አንዲት ኖታ እንግዲህ 960 ማይክሮሰከንድ፣ ማለትም 1 ሚሊሰከንድ ለመሙላት ጥቂት የቀራት ጊዜ ትፈጃለች። ይህች ቁጥር ከዚህ በታች ደጋግማ ትመጣለች።

ሃርድዌር ትሩ

የኢን መሰኪያ ከገባው ኬብል ጋር በቀጥታ በሽቦ አይገናኝም። ኬብሉ የሚያመጣው 5 ሚሊአምፒር ያህል ከረንት በመሣሪያው ውስጥ ኦፕቶአይሶሌተር የተባለች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያለችውን መብራት ያበራል፤ ከመብራቷ ፊት ለፊት ያለው ብርሃን ተቀባይ ደግሞ ብልጭታውን አይቶ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይመልሰዋል። በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል የሚሻገረው ብርሃን ብቻ ነው። ይህ የተደረገው ሁለት መሣሪያዎች በተለያየ ሶኬት ላይ ሲሰኩ በግራውንድ በኩል የሚፈጠረው ጉርምርምታ ወደ ስፒከሩ እንዳይገባ ነው። አንዱ ከጀነሬተር፣ አንዱ ከመሥመር መብራት በሚወስድበት ዳስ ውስጥ የሠራ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል።

ከኦፕቶአይሶሌተሩ የወጣው ምልክት ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ፕሮሰሰሩ ሄዶ ኪቦርዱን ያጫውታል። ሌላው በአንዲት የምልክት ማጠናከሪያ በኩል አልፎ በቀጥታ ወደ ትሩ መሰኪያ ይወጣል። ፕሮሰሰሩ ስለዚህኛው አያውቅም፤ አይጠየቅምም። የሚዲ ደንብ ትሩ የሚለው ይህንን ነው፦ በኢን የገባው ምልክት ቀጥተኛ ቅጂ። መዘግየቱ በጥቂት ማይክሮሰከንዶች የሚለካ ስለሆነ በሙዚቃ ዓለም የለም ማለት ይቻላል።

ከዚህ አሠራር የሚከተሉ ነገሮች አሉ። ኪቦርዱ ፕሮግራም ሲጭን ቢደነዝዝ፣ ስክሪኑ ቢደርቅ፣ ሃርድዌር ትሩ ማሳለፉን አያቆምም። የማያውቀውን መልእክት «ይህ ለእኔ አይደለም» ብሎ አይጥለውም። በሌላ በኩል ያ ኪቦርድ ራሱ ላይ የምትጫወቱት ነገር በትሩ በኩል በፍጹም አይወጣም፤ እሱ የሚወጣው በአውት ብቻ ነው። ሁለተኛውን ኪቦርድ ተጫውቶ ሦስተኛው ላይ ያለውን ሞጁል ማሰማት የፈለገ ሰው ትሩ ላይ ሰክቶ «ሞጁሉ ተበላሽቷል» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሞጁሉ ምንም አልሆነም፤ የሚሰማው ከአንደኛው ኪቦርድ የመጣውን ብቻ ነው።

አንድ በሰፊው የሚታመን ነገር አለ፤ «ሃርድዌር ትሩ ሽቦ ስለሆነ መሣሪያው ቢጠፋም ያሳልፋል» የሚል። አያሳልፍም። ኦፕቶአይሶሌተሩም ሆነ ማጠናከሪያው ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። በሰንሰለቱ መሀል ያለው ኪቦርድ መብራት ከተቋረጠበት ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ዝም ይላል። ሲጠፋ ኢንን ከትሩ ጋር በራሱ የሚያገናኝ መቀያየሪያ የተገጠመላቸው ዕቃዎች መሥራት ቢቻልም በተለመዱት ኪቦርዶች ላይ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ሃርድዌር ትሩ አንድ እውነተኛ ድክመት አለው፤ እሱም ድምር ነው። ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት ቢት በመሥመሩ ላይ 32 ማይክሮሰከንድ ትቆያለች። ከረንት ሲፈስ ዜሮ፣ ሲቆም አንድ ነው። ኦፕቶአይሶሌተር ደግሞ ሲበራ ፈጣን፣ ሲጠፋ ዳተኛ የመሆን ጠባይ አለው። ውጤቱ ዜሮዎቹ ትንሽ መርዘም፣ አንዶቹ ደግሞ ትንሽ መሳሳት ነው። ደንቡ የምልክቱ መውጫና መውረጃ ጊዜ ከ2 ማይክሮሰከንድ በታች እንዲሆን ይጠይቃል። በእያንዳንዱ ኪቦርድ 2 ማይክሮሰከንድ ብቻ ጠፋች እንበል። አራት ኪቦርድ ሲያልፍ 8 ማይክሮሰከንድ ሆነ። ተቀባዩ መሣሪያ ቢቷን የሚያነባት በመካከሏ፣ ከመነሻዋ 16 ማይክሮሰከንድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከነበረው 16 የቀረው 8 ነው። በዚህ ላይ የላኪውና የተቀባዩ ውስጣዊ ሰዓቶች እያንዳንዳቸው 1 በመቶ መሳሳት ይፈቀድላቸዋል፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ከተሳሳቱ በባይቱ መጨረሻ ላይ ሌላ 6 ማይክሮሰከንድ ይወስዳሉ። የተረፈው 2 ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ያረጀ ኦፕቶአይሶሌተር ወይም የተቀጣጠለ ረጅም ኬብል ሲጨመር ተቀባዩ አንዱን ዜሮ ብሎ ያነባል። የተሳሳተ ኖታ፣ ወይም ጨርሶ የማይጠፋ ኖታ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ደንቡ ራሱ ከሦስት መሣሪያ ለሚበልጥ ሰንሰለት ፈጣን ኦፕቶአይሶሌተር ይጠቀሙ የሚለው፣ የኬብል ርዝመትም ከ15 ሜትር እንዳይበልጥ የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው። ልብ በሉ፤ የሃርድዌር ትሩ ሰንሰለት ሲረዝም የሚመጣው መዘግየት ሳይሆን መበላሸት ነው። «አራተኛው ኪቦርድ ዘገየ» የሚል ሰው ጥፋቱን የሚፈልግበት ቦታ ሌላ መሆን አለበት።

ሶፍትዌር ትሩ

እዚህ ላይ ምልክቱ ለሁለት አይከፈልም። ሁሉም ወደ ፕሮሰሰሩ ይገባል። ፕሮሰሰሩ ባይቱን ተቀብሎ ያነባል፣ ይወስናል፣ ከዚያ በሌላ መሰኪያ አዲስ አድርጎ ይጽፈዋል። አዝማሪ ቤት የገባ ጎንደሬ ልዩነቱ አይጠፋውም። ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ስንኙን እስከ መጨረሻው ሰምቶ በራሱ ድምፅ መልሶ ያወጣዋል። ሳይሰማ መቀበል አይችልም፣ ሲቀበል ደግሞ ቃል ሊያርም፣ ሊያሳጥር፣ ያልወደደውን ሊዘልለው ይችላል። ሃርድዌር ትሩ ከዚህ ሁሉ የለበትም፤ የገደል ማሚቶ ነው፣ የተጮኸውን ይመልሳል።

ይህ ተቀብሎ መጻፍ ጥቅም አለው። ምልክቱ ከባዶ የሚጻፍ ስለሆነ የሳሱት ቢቶች ሙሉ ሆነው ይወጣሉ፤ የአራት ኪቦርድ ድምር ስሕተት እዚህ ላይ ይሰረዛል። ቻናል መቀየር፣ አንዳንድ መልእክት ማስቀረት፣ ኖታውን አንድ ኦክታቭ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከሁሉም በላይ በኢን የመጣውንና በዚሁ ኪቦርድ ላይ የተጫወቱትን ቀላቅሎ በአንድ መሰኪያ ማውጣት ይችላል። ከላይ የተናገርነው፣ ሁለተኛውን ኪቦርድ ተጫውቶ ሞጁሉን ማሰማት የፈለገ ሰው፣ መፍትሔው ይሄኛው ነው። ሁለት አውቶችን በአንድ ገመድ አጣምሮ ወደ አንድ ኢን መክተት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሁለቱ መልእክቶች ቢት በቢት ይጋጫሉ፣ የሚወጣውም ትርጉም የሌለው ነገር ነው። መቀላቀል የሚችለው የሚያነብ ነገር ብቻ ነው።

ዋጋው ምንድን ነው? ጊዜ። ባይቱ ሙሉ በሙሉ ሳይደርስ ሊጻፍ አይችልምና ትንሹ መዘግየት 320 ማይክሮሰከንድ ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች መልእክቱ እስኪሞላ ስለሚጠብቁ ደግሞ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ፕሮሰሰሩ ሥራ በዝቶበት የሚያስጠብቀው አለ። ሦስት ሶፍትዌር ትሩ በተከታታይ ቢኖር 3 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ ማለት ነው።

ብዙ ነው? በግልጽ እንነጋገር፤ አይደለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ይጓዛል። ሦስት ሚሊሰከንድ ማለት ከስፒከሩ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ መቆም ነው። ከዚህ ይልቅ ራሱ ሚዲ በትሩ ሳያልፍ እንኳ የሚፈጀውን ተመልከቱ። በሁለት እጅ ስምንት ኖታ ያለው ኮርድ ብትመቱ ኖታዎቹ በኬብሉ ውስጥ በተራ ይሄዳሉ እንጂ አብረው አይሄዱም፤ የመጀመሪያውን ባይት ሳይደጋግሙ በመላክ ካልተቆጠበ የመጨረሻዋ ኖታ የምትደርሰው ወደ 7.7 ሚሊሰከንድ ተጠግቶ ነው፣ በቁጠባው ደግሞ 5.4 ሚሊሰከንድ። ላፕቶፕ ካለ ነገሩ ይበልጥ ይከፋል። ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅምበት የድምፅ ማከማቻ 1,024 ናሙና ላይ ከተስተካከለ፣ በሰከንድ 44,100 ናሙና ፍጥነት ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ኪቦርዲስቶች «ትሩ አዘገየኝ» ሲሉ በአብዛኛው ጥፋተኛው ይህ ማከማቻ ነው። ወደ 128 ናሙና አውርዱትና ትሩውን ሳትነኩት «መዘግየቱ» ይጠፋል።

የሶፍትዌር ትሩ እውነተኛ ችግር የመዘግየቱ መጠን ሳይሆን መዋዠቁ ነው። ሁልጊዜ 3 ሚሊሰከንድ የሚዘገይን ነገር ጆሮ ወዲያው ይለምደዋል። አንድ ጊዜ 1፣ ቀጥሎ 9፣ ቀጥሎ 4 የሚሆን ከሆነ ግን ምቱ ይሰባበራል፤ እስክስታ የሚወርደው ትከሻ ከማንም በፊት ይህን ያውቃል። በተለይ የምት ሰዓት ላይ ይታያል። ሚዲ ድራም ማሽንንና ሲኩዌንሰርን (የተቀዱ ኖታዎችን በተራ የሚያጫውተውን) የሚያስማማው ለአንድ ምት 24 ጊዜ በሚላክ ባለ አንድ ባይት መልእክት ነው። ይህ መልእክት ከሁሉም የሚቀድም ስለሆነ ሌላ መልእክት ባላለቀበት መሀል ጣልቃ ገብቶ ማለፍ ይፈቀድለታል። በደንብ የተጻፈ ፕሮግራም ይህን ያከብራል። በግዴለሽነት የተጻፈው ደግሞ ተራ ያስጠብቀዋል። 1,000 ባይት የሆነ ረጅም መልእክት ለማለፍ 320 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን በዚህ ጊዜ ውስጥ ማለፍ የነበረባቸው 15 የሰዓት ምልክቶች ታፍነው ቆይተው በአንድ ጊዜ ተግተልትለው ይወጣሉ። ድራም ማሽኑ ሲደናቀፍና ሲሮጥ ከሰማችሁ አንድ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ችግር መጨናነቅ ነው። በኢን በኩል በሰከንድ እስከ 3,125 ባይት ሊገባ ይችላል። ተጫዋቹ ደግሞ የራሱን ኖታ፣ የፒች ማጠፊያውን፣ የቁልፍ ግፊቱን ይጨምራል። መውጫው ግን ያው 3,125 ባይት ብቻ ነው የሚያወጣው። የተረፈው መጠባበቂያ ቦታ ላይ ይከማቻል፤ ቦታው ሲሞላ የሆነ ነገር ይጣላል። የተጣለው «ቁልፉ ተለቀቀ» የሚለው መልእክት ከሆነ ኖታዋ እስከ ንጋት ትጮኻለች። ማሲንቆ ወይም ዋሽንት አስመስሎ ፒች ማጠፊያውን ያለማቋረጥ የሚያሽ ተጫዋች ከሌላው በበለጠ ይህ ያጋጥመዋል፤ እያንዳንዷ ትንሽ መታጠፍ ሦስት ባይት ናትና።

ሦስተኛው ማጣራት ነው። ብዙ ሶፍትዌር ትሩዎች ረጅሞቹን፣ የፋብሪካ ልዩ መልእክት የሚባሉትን አያሳልፉም፤ መጠባበቂያ ቦታቸው ጠባብ ስለሆነ ፕሮግራም አውጪው ቢያስቀራቸው ይሻላል ብሎ ነው። ለሌላው ዓለም ተጫዋች ይህ የማይታወቅ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ይነካናል። አንቺሆዬን ከፒያኖው አቃኘት ወጣ ላሉት ድምፆቿ እንድትመች አድርጎ የቃኘ ሰው፣ ያ ቅኝት በኖታ መልእክት ውስጥ እንደማይሄድ ማወቅ አለበት። የኖታ መልእክት የሚይዘው የቁልፉን ቁጥር እንጂ በሳንቲም (በግማሽ ድምፅ መቶኛ) የተስተካከለውን ከፍታ አይደለም። ኪቦርዱ ቅኝቱን ለሌላ መሣሪያ የሚልክ ከሆነ የሚልከው በዚሁ ረጅም ልዩ መልእክት ነው። መሀል ላይ ያለው ሶፍትዌር ትሩ ካስቀረው የመጀመሪያው ኪቦርድ በአንቺሆዬ፣ ከኋላ ያለው ሞጁል በፒያኖ ቅኝት አብረው ይጫወታሉ፤ ዘፋኙም «ማን ነው ከቅኝት የወጣው?» እያለ ወደ ኋላ ያያል። ሃርድዌር ትሩ ይህን መልእክት ሳይነካው ያሳልፋል፤ ሞጁሉ ቋንቋውን ካወቀ ይቀበለዋል።

ከዚያ ድምፅ መደረብ አለ። ኪቦርዱ በአውት ወደ ላፕቶፑ ይልካል፤ የላፕቶፑ የሙዚቃ ፕሮግራም የተቀበለውን መልሶ ወደ ኪቦርዱ ኢን ይልካል፤ የፕሮግራሙ መልሶ መላክ ራሱ ሶፍትዌር ትሩ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዷ ኖታ ሁለት ጊዜ ትሰማለች፤ አንዴ በጣታችሁ፣ ጥቂት ሚሊሰከንድ ቆይቶ በላፕቶፑ። ድምፁ የተወፈረ፣ ቱቦ ውስጥ የሚጮኽ ይመስላል፤ ኪቦርዱ በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው የኖታ ብዛትም በግማሽ ይቀንሳል። መድኃኒቱ በኪቦርዱ ዝርዝር (ሜኑ) ውስጥ «ሎካል» የሚለውን መዝጋት ነው፤ ቁልፎቹ ከኪቦርዱ የራሱ ድምፅ ይለያያሉ፣ ድምፁም በላፕቶፑ በኩል ዞሮ ብቻ ይመጣል። በሚዲ መልእክት መዝጋት የሚሻ ደግሞ የመቆጣጠሪያ ቁጥር 122ን በዜሮ ይልካል። ኪቦርዱም በበኩሉ ሶፍትዌር ትሩ ከተከፈተበት ነገሩ ይብሳል፤ አንዲት ኖታ በሁለቱ መካከል መዞር ትጀምራለች፣ በአንድ አፍታም መሥመሩ ይታፈናል። በሃርድዌር ትሩ ብቻ የተያያዘ ነገር ይህን አያመጣም፤ ለመዞር መልሶ የሚጽፍ ቢያንስ አንድ ፕሮግራም ያስፈልጋል። አርዱዊኖ በተባለው ኮድ የሚጻፍለት ትንሽ ሰሌዳ ላይ የራሳቸውን መቆጣጠሪያ ለሚሠሩ ወጣቶችም አንድ ቃል፦ በሰፊው የሚሠራበት የሚዲ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ሲጀመር ትሩውን ከፍቶ ነው፤ ካልፈለጋችሁት በኮዱ መጀመሪያ ላይ መዝጋት የእናንተ ሥራ ነው።

የቱን እንደያዙ ለማወቅ

በጀርባው የተጻፈውን ማመን አይበቃም። ደንቡ ትሩ የሚለው ቀጥተኛውን ቅጂ ቢሆንም ፋብሪካዎች በአንድ መሰኪያ ላይ «አውት/ትሩ» ብለው ጽፈው ምርጫውን ለዝርዝሩ የሚተዉበት ጊዜ አለ። በዝርዝሩ ውስጥ ትሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ምርጫ ካገኛችሁ በአብዛኛው ሶፍትዌር ነው። የኪቦርዱን ቁልፍ ስትነኩ ከዚያው መሰኪያ ኖታ የሚወጣ ከሆነም በውስጡ የሚቀላቅል ፕሮግራም አለ።

እኔ ከሁሉም የምወደው ፈተና ሌላ ነው። መሀል ላይ ያለውን ኪቦርድ አጥፉት። ከበፊቱ ባለው ኪቦርድ ላይ አንድ ቁልፍ ደጋግማችሁ እየመታችሁ የመሀለኛውን አብሩት። የፋብሪካው አርማ ስክሪኑ ላይ እያለ፣ ኪቦርዱ ገና ነፍስ ሳይዘራ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሞጁል መጮኽ ከጀመረ ትሩው ሃርድዌር ነው። ኪቦርዱ ሙሉ በሙሉ እስኪነሣ ዝም ካለ ሶፍትዌር ነው። ፈተናው ኬብልና ጣት እንጂ ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም።

ይህ ፈተና መብራት ለሚመላለስበት ከተማ ሌላም ነገር ይነግራል። መብራት ሄዶ ጀነሬተር ሲነሣ ሃርድዌር ትሩ ኤሌክትሪኩን እንዳገኘ ወዲያው ማሳለፍ ይጀምራል፤ ሶፍትዌር ትሩ ግን ኪቦርዱ እስኪነሣ ያስጠብቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የትሩ ምርጫው ካልተቀመጠ ሲነሣ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ መመለሱ ነው። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ትሩ መፈለግ ለማንም አልመኝም። ከዝግጅቱ በፊት ምርጫውን ማስቀመጥና አጥፍቶ አብርቶ ማረጋገጥ ይበጃል።

ዩኤስቢን በአጭሩ፦ በዩኤስቢ የሚያልፍ ሚዲ ሁሉ ሶፍትዌር ነው። በዩኤስቢ መልእክቶቹ በጥቅል ተጠቅልለው የሚሄዱ ስለሆነ ለሁለት የሚከፈል ቀጥተኛ ምልክት የለም፤ መሀል ላይ የሚያስተናግድ ኮምፒውተር ወይም ሳጥን ግድ ነው። ሁለት ኪቦርዶችን በዩኤስቢ ገመድ ብቻ አገናኝቶ ለማነጋገር የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ ዝምታ የሚገጥመው ለዚህ ነው።

ታዲያ እንዴት እንሰካ?

ሰንሰለት ለሁለት መሣሪያ፣ ቢበዛ ለሦስት ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ እኔ ትሩ ሳጥን እመርጣለሁ፤ አንድ ኢን፣ አራት ወይም ስምንት ትሩ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው። ዋናው ኪቦርድ ወደ ሳጥኑ ይገባል፤ ሌሎቹ ሁሉ ከሳጥኑ በየራሳቸው ኬብል ይወስዳሉ። ማንም በሌላው ላይ አልተንጠለጠለም፤ አንዱ ቢጠፋ የሌላው አይቋረጥም፣ ምልክቱም ለሁሉም በአንድ ኦፕቶአይሶሌተር ብቻ አልፎ ይደርሳል። ኢን ብቻ ኖሮት ትሩም አውትም የሌለው መሣሪያ ከአንድ በላይ ላለው፣ ለምሳሌ የኮርግ ቮልካ የመጀመሪያ ሞዴሎች እንዲህ ናቸው፣ ሌላ አማራጭም የለውም። ሶፍትዌር ትሩን ደግሞ በእውነት በሚያስፈልግበት አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ማለትም ሁለት ተጫዋች አንድ ሞጁል በሚካፈልበት ቦታ እከፍተዋለሁ። በሌሎቹ ሁሉ ላይ ይዘጋ።

ቻናሎቹን መለየት አይዘንጋ። ሳጥኑ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት ይሰጣል፤ ከ16ቱ ቻናሎች የቱን እንደሚሰማ የሚወስነው እያንዳንዱ መሣሪያ ነው። ሁሉም በሁሉም ቻናል እንዲሰማ ከተተወ ባሱም መለከቱም ከበሮውም አንድ ዜማ ይጫወታሉ።

ትሩ ሳጥን ውድ ሆኖ ካገኛችሁት ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። 6ኤን138 የተባለች ኦፕቶአይሶሌተር፣ 74ኤችሲ14 የተባለች ባለስድስት በር ማጠናከሪያ፣ ባለ 5 ቮልት ኤሌክትሪክ፣ በመግቢያው ላይ አንድ 220 ኦም ሬዚስተርና አንድ መከላከያ ዳዮድ፣ በእያንዳንዱ መውጫ ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት 220 ኦም ሬዚስተር ናቸው ዋናዎቹ ዕቃዎች። ምልክቱ በ4ኛውና በ5ኛው እግር ይሄዳል፤ 1ኛውና 3ኛው ባዶ ይተዋሉ። ጠጋኙ በልማድ የሚሳሳተው በ2ኛው እግር፣ ማለትም በኬብሉ መሸፈኛ ላይ ነው። በትሩዎቹ በኩል ከግራውንድ ጋር ይታሰራል፤ በኢን በኩል ግን ከምንም ጋር ሳይገናኝ ይተዋል። «ግራውንድ ነው፣ ሁሉም ቢታሰር ይሻላል» ብሎ በኢንም በኩል ካሰረው ኦፕቶአይሶሌተሩ የለያቸው ሁለት መሣሪያዎች በጓሮ በር ይገናኛሉ፣ ጉርምርምታውም ወደ ስፒከሩ ይመለሳል።